የሰፈራችን ስም ጅራት ምን ይናገራል?

ከጎጃም ወይም ከወለጋ የመጣ እንግዳ ስልክ ደውሎ «ቤትዎ በወዴት በኩል ነው?» ቢልዎ ምን ብለው ይመልሱለታል? የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር እንደማይነግሩት እርግጠኛ ነኝ። «ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ይውረዱ፤ ትንሽ ወደ ታች ሲሉ ወፍጮ ቤት ያገኛሉ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለው ቅያስ ይግቡና ይደውሉልኝ» ይሉታል። እንግዳውም ሳይጠፋ ይመጣል። በብዙ አገር ከተማ መንገዱ በስም፣ ቤቱ በቁጥር ሲጠራ፣ የእኛ አዲስ አበባ ግን ከመንገዱ ይልቅ ቦታውን መጥራት ትወዳለች። በሌላ አገር የመንገድ ስም የሚሠራውን ሥራ በእኛ ዘንድ የሚሠራው የሰፈር ስም ነው።

የሰፈር ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቃል ነው። ሰንጋ ተራ፣ ጃን ሜዳ፣ ፊት በር፣ ወሎ ሰፈር፣ መስቀል አደባባይ እንላለን። ፊተኛውን ቃል ሁላችንም እናስተውለዋለን፤ ወይ ሰው ነው፣ ወይ እንስሳ ነው፣ ወይ አገር ነው። ኋለኛው ግን እንደ ጅራት ከኋላ ስለሚከተል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ዛሬ አንባቢን ዞር ላሰኝ የምፈልገው ወደዚሁ ጅራት ነው። ፊተኛው ቃል «የማን?» ለሚለው ጥያቄ ሲመልስ፣ ኋለኛው «ምን ነበር?» ለሚለው ይመልሳልና። ቦታው ፈርሶ ሌላ ነገር በተሠራበት ጊዜም «ምን ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የሚመሰክርለት አንዳንዴ ይኸው አንድ ቃል ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ከሁሉ የበዛውን «ሰፈር» የሚለውን እንመልከት። «ሰፈረ» ማለት መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። (እህል በቁና ሰፈረ የሚለው ሌላ ነው፤ እርሱን ለእህል ነጋዴዎች እንተውላቸው።) በጥንት ዘመን ንጉሡ ሲዘምት ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል ሲተከል መኳንንቱ በቀኝና በግራ፣ በፊትና በኋላ እንደ ማዕርጋቸው የታወቀ ስፍራ ነበራቸው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ሜዳ ላይ ቢሰፈርም ሥርዓቱ ስለማይለወጥ፣ ወታደሩ በማያውቀው አገር ሲመሽበት እንኳ የጌታውን ድንኳን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማው ከእንጦጦ ተራራ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ይህ የዘመቻ ልማድ አብሮ ወረደ። ቤተ መንግሥቱ ከኮረብታው ላይ ሲቆም መኳንንቱ በዙሪያው ያሉትን ኮረብቶች ተከፋፈሉ። በእያንዳንዱ መኰንን አዳራሽ ዙሪያ ወታደሩ፣ ባልደረባው፣ ፈረስ ጠባቂው፣ ጠጅ ጣዩና እንጀራ ጋጋሪዋ ጎጆአቸውን ቀለሱ። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝና ገደል ነበረ። እንግዲህ አዲስ አበባ በመጀመሪያ አንድ ከተማ ሳትሆን ድንኳኑ ወደ ጎጆ፣ ጎጆውም ወደ ጭቃ ቤት የተለወጠ ታላቅ የጦር ሰፈር ነበረች ማለት ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ፤ ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች የተሰበሰቡበት ደግሞ እንደ ወሎ ሰፈር በአገራቸው ተጠራ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ሰፈር ማለት ጊዜያዊ ማረፊያ ነው፤ የተተከለ ድንኳን በማግሥቱ ይነቀላል። እኛ ግን ይህንኑ ቃል ይዘን ከመቶ ዓመት በላይ ተወልደንበት፣ ተድረንበት፣ ተቀብረንበታል። «የሰፈሬ ልጅ» ሲባል ዘመድ ከማለት ብዙም አይርቅም። የዘመቻ ቃል እንዲህ ወደ ዝምድና ቃል ሲለወጥ የታየበት ሌላ አገር ይኖር ይሆን?

ጅራቱም ቢሆን አንዳንዴ ይለወጣል። ደጃች ውቤ ሰፈር ኋላ መሸታ ቤቱ በዝቶ ወጣቱ በሌሊት ሲጎርፍበት «ውቤ በረሃ» ተባለ። ዛፍ የሌለበት አሸዋ ስለሆነ አይደለም፤ ወደዚያ የወረደ ሰው እንደ ሸፈተ ሰው ቤተ ሰቡ ፈልጎ ስለማያገኘው ይመስለኛል። የመኳንንቱን ማዕርግ ቀንሶ፣ ሰፈሩን በረሃ አድርጎ የጠራው ሕዝቡ ራሱ ነው እንጂ ይህንን የሚያዝ ደብዳቤ ከማንም ቢሮ አልወጣም።

ቀጥሎ ያለው «በር» ነው። አሁን በር ስንል የቤት መዝጊያ ይታየናል፤ በቦታ ስም ውስጥ ያለው በር ግን የግንብ ወይም የተራራ በር ነው። ይህንን ደኅና አድርጎ ለመረዳት ለጥቂት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ያሻል፤ በሮቹ በጎንደርና በሐረር ይበልጥ ጎልተው ይታያሉና።

የጎንደሩ የፋሲል ግቢ የግንብ አጥር 12 በሮች ነበሩት። ሁሉም መግቢያ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ለሁሉ አልነበሩም። ወምበር በር የዳኞች ነው፤ ወምበር ማለት የዳኝነት መቀመጫ ነውና። ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። እምቢልታ በር የነፊዎቹ ነው። ሰው የበሮቹን ስም ብቻ ቢያነብብ ያ ቤተ መንግሥት ማን ማንን ይዞ ይኖር እንደ ነበረ ግማሹን ያውቃል። ከጎንደር ወደ ምሥራቅ ርቀን ሐረር ስንደርስ ደግሞ በሩ የቤተ መንግሥት ሳይሆን የመላው ከተማ በር ይሆናል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ኋላ ስድስተኛ ተጨምሮበታል። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር እንላቸዋለን። የከተማው ባለቤቶች ሐረሪዎች ግን በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ለምሳሌ እኛ ሸዋ በር የምንለውን እነርሱ «አስማአዲን በሪ» ይሉታል። ፊተኛው ቃል ፈጽሞ የተለያየ ሲሆን ጅራቱን ይመልከቱ፤ እኛ በር፣ እነርሱ በሪ። ሁለቱ ቋንቋዎች በስሙ ባይስማሙም ቦታው ምን እንደሆነ ተስማምተዋል።

ማንም ያልገነባው በርም አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዱ በፊት ጣርማ በርን ያገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ስፍራ ጭጋጉ መኪናውን ሲውጠው «በሩ የታል?» ያሰኛል። በሩ ተራራው ራሱ ነው፤ ደጋው የሚያልቅበትና ቆላው የሚጀምርበት፣ ነጋዴውና ሠራዊቱ ሌላ ማለፊያ ስለሌለው የሚጠብበት ቦታ በር ተባለ። ኋላ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ዋሻ መንገድ ስላበጁለት ስሙ የባሰ እውነት ሆነ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የቤተ መንግሥቱ ፊት በር ይጠብቀናል። የእኛ ከተማ በግንብ አልታጠረችም፤ ስለዚህ የከተማ በር የላትም። በር ያለው ግቢው ነው። «ግቢ» ራሱም ከነዚህ ጅራቶች አንዱ ነው፤ ድሮ ግቢ ሲባል የንጉሥ ግቢ ብቻ ነበረ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ግቢ ገባሁ» ሲል ትምህርት ጀመርሁ ማለቱ ነው። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲከፈት የተሰጠው ቦታ የንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር።

አሁን ወደ ገበያው እንውረድ። «ተራ» ማለት ሰልፍ፣ መደዳ ማለት ነው። ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው መደዳውን ሲቀመጡ ያ መደዳ በዕቃው ይጠራል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው በርበሬ ተራን፣ ሸማ ተራን፣ ሶማሌ ተራን፣ አውቶቡስ ተራን ያውቃል። በዚህ ቃል ውስጥ አንድ የገበያ ብልሃት አለ። ሌላ አገር ነጋዴ ከተፎካካሪው ይርቃል ይላሉ፤ የእኛ በርበሬ ነጋዴ ግን ከበርበሬ ነጋዴ ጎን ይቀመጣል። ገዢው ከአንዱ ወደ አንዱ በሁለት እርምጃ ተሻግሮ ዋጋ ያወዳድራል፤ ሻጩም ጎረቤቱ በስንት እንደሸጠ በጆሮው ይሰማል። ተራ የዋጋ ሚዛን ጭምር ነው።

ከተራዎቹ ሁሉ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ምን አለሽ ተራ ነው። ሌላው ተራ በሚሸጠው ዕቃ ሲጠራ ይህ ግን በጥያቄ ይጠራል። አሮጌ ብረት፣ ያገለገለ ጣሳ፣ የተሰበረ ቧንቧ፣ የነተበ ጎማ የሚሰበሰብበት ቦታ ነውና ዕቃውን በስም ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም፤ ስለዚህ ገዢው ጠጋ ብሎ ሻጯን «ምን አለሽ?» ይላታል። ያ ጥያቄ ስም ሆኖ ቀረ።

ተራ የሚያስተዛዝበው ዕቃው ሲሄድና ስሙ ሲቀር ነው። ሰንጋ ተራ የሰንጋ ገበያ ነበረ። ዛሬ እዚያ የቆሙት የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች ናቸው፤ ክራባት ያሰረው የባንክ ሠራተኛ ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ሰንጋ ተራ ወራጅ አለ!» ሲል በሬ አይታየውም። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ሰው እንዳይተፋፈግ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ያኔ ለጥቂት ወራት ሜዳው ተራ ሆኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ተደረደረበት። ጥምቀት ሲደርስ ሜዳው ለታቦታቱ መጽዳት ነበረበትና ገበያው እንደገና ወደ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ። ጃን ሜዳም ወደ ሜዳነቱ ተመለሰ። ይህ ቦታ የንጉሥ ሜዳ፣ የፈረስ ጉግስና የሰልፍ ሜዳ ሆኖ የኖረ ነው፤ ፊቱ ያለው «ጃን» በ«ጃንሆይ» ውስጥ ያለው ነው።

ስለ ሌሎቹ ሜዳዎች፣ ማለት ስለ ሽሮ ሜዳና ስለ ኳስ ሜዳ፣ ብዙ መናገር አያሻኝም፤ ሁለቱም ዛሬ ቤት የሞላባቸው ስለሆኑ ሜዳነታቸውን የሚያውቀው ስማቸው ብቻ ነው። ድልድዮቹም እንዲሁ። ሰፈሮቹ በወንዝና በገደል ስለተለያዩ ራስ መኰንን ድልድይና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲሠሩ ያገናኙት ሁለት የመንገድ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ሁለት የመኳንንት ሰፈር ነበረ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ገደሉ ውስጥ ዘራፊ የያዘው ሰው ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረም ይባላል፤ ከዚህ የተነሣ አንዱን ስፍራ «እሪ በከንቱ» ብለውታል። ይህ ስም ጅራት የለውም፤ ሁለመናው ጩኸት ነው።

ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ በ«መ» ወይም በ«ማ» ጀምሮ በ«ያ» የሚጨርስ። መሳለሚያ፣ መሿለኪያ፣ ማዞሪያ፣ ዶሮ ማነቂያ። የቋንቋችን ሰዋስው ይህንን መልክ ያበጀው አንድ ሥራ የሚሠራበትን ቦታ ወይም መሣሪያ ለመጥራት ነው። መሳለሚያ መንገደኛው ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርስ ከሩቅ ቆሞ የሚሳለምበት ነው፤ መሿለኪያ ከሐዲድ በታች ሾልኮ ማለፊያ ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ 22 ቁጥር አውቶቡስ ዞሮ የሚመለስበት ቦታ ነበረ ይባላል። እንግዲህ እነዚህ ስሞች ሰው ወይም ዕቃ ሳይሆን ግብር ናቸው። በዚያ ሲያልፉ እግርዎ የሚያደርገውን ወይም ያደርግ የነበረውን ይነግሩዎታል። ሰባራ ባቡርም ከነዚህ ባይቆጠር አጠገባቸው ሊቀመጥ የሚገባው ነው። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባሉት የአርመን ነጋዴ ያስመጡት በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መኪና ተበላሽቶ የቀረበት ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ሁሉ ባቡር ነበረ፤ ወፍጮውም ሳይቀር። ሐዲድ ያለበትን ባቡር የሚፈልግ ሰው ሰባራ ባቡር ቢሄድ አያገኝም።

የውጭ አገር ቃል ወደ ከተማችን ሲገባ ግን የሚያስቅ ነገር ይሆናል። በውጭ ቋንቋ ተራ ስም የነበረው በእኛ ጆሮ የተጸውዖ ስም ይሆናል። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ብቻ ነው። መርካቶ ገበያ ማለት ብቻ ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ገፍተው ያን ስም አወጡለት። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ጣቢያው» አሉት፤ ያም ለገሃር ሆነ። ስለዚህ እኛ «መርካቶ ገበያ» ስንል «ገበያ ገበያ» ማለታችን ነው፤ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንልም ጣቢያውን ሁለት ጊዜ ጠራነው። ካዛንቺስ ከሁሉ ይገርማል። ካዛ በጣሊያንኛ ቤት ነው፤ ኋላ ያለው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን መሥሪያ ቤት የምሕጻረ ቃል ስም ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ የመሥሪያ ቤቱ ምሕጻረ ቃል ግን ትርጉሙን በማያውቅ አፍ ሁሉ እየተጠራ ቀረ። ፈረንሳይ ለጋሲዮንም እንዲህ ነው። ለጋሲዮን ከኤምባሲ የሚያንስ የመልእክተኛ ቤት ነበረ፤ ማዕርጉ በዲፕሎማሲው ዓለም ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከፈረንሳይ የሚመለስ ታክሲ ውስጥ ግን ዛሬም አለ።

እስካሁን ስለ ሰፈር ስም ስናወራ መንግሥት ስላወጣቸው ስሞች ዝም ብለናል። ከነዚህ ውስጥ ሕዝቡ ወዶ የተቀበለው ጅራት «አደባባይ» ነው። አደባባይ ጥንት የንጉሡ ፍርድና ጉባኤ የሚደረግበት ግልጽ ቦታ ነበረ፤ «አደባባይ ቆመ» ማለት ተከሶ ቀረበ፣ «ነገሩ አደባባይ ወጣ» ማለትም ሰው ሁሉ ሰማው ማለት ነው። ዛሬ መኪና የሚዞርበትን ክብ ሁሉ አደባባይ እንለዋለን። መስቀል አደባባይን ይመልከቱ። የደመራው ቦታ ስለሆነ በመስቀል ተጠራ፤ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ አብዮት አደባባይ አለው፤ ደርግ ሲወድቅ እንደገና መስቀል አደባባይ ሆነ። መንግሥታት የሚጣሉት በፊተኛው ቃል ነው፤ በአደባባይነቱ ላይ የተጣላ የለም። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 አደባባይ በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት ፋሽስቶች የጨፈጨፏቸውን ሰዎች ያስታውሳል። ሜክሲኮ አደባባይም ውለታ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረችና ስሟን በከተማችን መካከል አኖርንላት፤ እነርሱም በዋና ከተማቸው «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አላቸው፤ ከምድር በታች የሚሄደው ባቡራቸውም በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው። እዚህ ታክሲ ውስጥ «ሜክሲኮ!» ሲጮህ እዚያ ደግሞ ተሳፋሪው «ኢትዮጵያ» ላይ ይወርዳል።

«ጎዳና» ግን እንዲህ አልተሳካለትም። ጎዳና ሰፊውና ዋናው መንገድ ነው፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርሰው ደግሞ አውራ ጎዳና ይባላል፤ አውራ ዶሮ እንደምንለው፣ የመንገዶች አለቃ ነውና። «መንገድ» ለሁሉ ይሆናል። «ቅያስ» የሚለው ቀየሰ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ መሬት ቀያሹ ገመዱን ዘርግቶ በቤቶች መካከል የተወው ቀጭን ማለፊያ ነው። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ጎዳናዎቹን በክብር ስም ሲጠራ ኖሯል። ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ አፍሪካ ጎዳና ነው፤ ድሮ አስመራ መንገድ የነበረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ተብሏል፤ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ነው። ከነዚህ ሦስቱ በሕዝብ አፍ የገባው ቸርችል ብቻ ይመስለኛል፤ እርሱም ጅራቱን ጥሎ «ቸርችል» ተብሎ ነው። ለአፍሪካ ጎዳና ሰው ሁሉ «ቦሌ መንገድ» ይላል። ለኃይሌ ጎዳናም «ሃያ ሁለት» ወይም «መገናኛ» ይላል፤ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው በስሙ የተጠራውን መንገድ አውቶቡስ ቁጥር ቀደመው።

ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የቤታችን ቁጥር ጎዳናውን ተከትሎ አይሄድም። ከ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ቤት የሚቆጠረው በቀበሌ፣ ኋላም በወረዳ ውስጥ ነው። በዚህ በር 214 ቢጻፍ ጎረቤቱ 215 ነው ማለት አይደለም፤ ዘግይቶ የተሠራው ቤት ባለቤት ደግሞ መታወቂያው ላይ በቁጥሩ ፈንታ «አዲስ» ተብሎ ተጽፎለት ሃያ ዓመት ይኖራል። ታዲያ የጎዳናውን ስም ማወቅ ምን ይጠቅማል? የወላድ ምጥ ሲመጣ፣ እሳት ሲነሣ፣ ሰው በስልክ የሚጠራው ያንኑ የሰፈሩን ስም፣ ቀጥሎም ወፍጮ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ነው። አምቡላንሱ የሚመጣው በዚያ ስም ነው።

ከመጨረሳችን በፊት አንድ ነገር ማስተካከል አለብን። ጅራት ጅራት ስል የቆየሁት በአማርኛ ስሞች ነው፤ ከአማርኛው በፊት በዚህ ምድር የነበሩትና ዛሬም ያሉት የኦሮምኛ ስሞች ግን የሚነበቡት በተቃራኒው ነው። በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፤ በኦሮምኛ ቦታው ራሱ ይቀድማል። ቱሉ ዲምቱ ሲባል ቱሉ ኮረብታ፣ ዲምቱ ቀይ ነው። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ፣ ድሬዳዋ ያለው መልካ ጀብዱ ሁለቱም ውሃ መሻገሪያ ነበሩ። ጨፌ ሣር የሞላበት ረግረግ መስክ ነው። ስለዚህ በኦሮምኛ ስም «ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጅራቱን ትቶ ራሱን ይያዝ። እነዚህ ስሞች ደግሞ ከጦር ሰፈሩ ስሞች ይልቅ መሬቱን ያውቁታል፤ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ቦታው ጨፌ የሚባል እንደሆነ መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ትርጉሙን ቢጠይቅ በክረምት ውሃ አይገባበትም።

አሁን ከተማችን እንደገና እየተሰፈረች ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፣ የእግረኛው መሄጃ አማረ፤ ይህ አይካድም። በዚያ የነበሩት ሰዎች ግን ጓዛቸውን ጭነው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። አዲሶቹ መኖሪያዎች የያዙት ጅራት «ሳይት»ና «ብሎክ» ነው፤ ከፊቱ የቀድሞው የገበሬ አገር ስም አለ፤ ከኋላው ቁጥር ይከተላል፤ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ብሎክ ይህን ያህል። ቤቱን ለማግኘት ይህ ከወፍጮ ቤቱ እንደሚሻል አምናለሁ። ነገር ግን የሕፃኑ ልጅ አንድ ቀን «ሁለት ለምን ሁለት ተባለ?» ቢል የሚነገረው ታሪክ የለም። ሀብታሙ ደግሞ የግል ኩባንያ ከሠራለት ቤት ሲገባ ጅራቱ «መንደር» ይሆንለታል። በአባቶቻችን ጊዜ መንደር የገጠር ነበረ፤ የከተማ ሰው መንደርተኛ ቢባል ይቆጣ ነበር። አሁን በማስታወቂያ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል።

ስሙን ይዞ የሄደው እድሩ ነው። እድር በሰፈር ስም ይቋቋማል፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አባላቱ በአራት ማዕዘን ቢበተኑም ወርኃዊ መዋጯቸውን እየላኩ፣ ሰው ሲሞትባቸውም ድንኳኑን በመኪና እያስጫኑ የሚቀጥሉ አሉ። በየካ አባዶ ወይም በኮዬ ፈጬ ፎቆች መካከል ለልቅሶ የተተከለ ድንኳን ቢያጋጥምዎ ጨርቁ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። አንዳንዴ የሚያገኙት ስም የዚያ ሳይት አይደለም፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቤቶቹ ተነሥተው መንገድ የሆነ የአንድ ሰፈር ስም ነው።